ፖታሲየሙ 7.9፣ ታማሚዋ ግን ደህና፦ ስህተቱ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ የግል ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። ጠዋት ደም የምንቀዳው እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነን። በቅርቡ የ63 ዓመት እናት ለአጠቃላይ ምርመራ መጡ። ውጤታቸው ፖታሲየም 7.9፣ ካልሲየም 5.2 ሆነ። ዶክተሩ ደንግጦ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላካቸው። እዚያ የልብ ምርመራው (ኢሲጂ) ምንም ችግር አላሳየም፣ እንደገና የተወሰደው ፖታሲየም ደግሞ 4.3 ሆነ። የኛ ላብራቶሪ «ናሙናው ሄሞላይዝ አላደረገም (የደም ሴሎቹ አልፈነዱም)፣ ማሽኑም ኮንትሮል አልፏል» ይላል። ታዲያ ምን ተፈጠረ? ሌላም አለ። በየቀኑ «ረግቷል»፣ «አንሷል» እየተባለ ናሙና ይመለስብናል። ይህን ሁሉ ከምርመራው በፊት እንዴት እንከላከለው?

መልስ፦

ሲስተር፣ ካልሲየሙን ጨምረው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ፖታሲየሙን ብቻ ቢነግሩኝ መልሴ ግምት ይሆን ነበር። አሁን ግን ጠንካራ ጥርጣሬ አለኝ። ቀዩ ቲዩብ ውስጥ ከሐምራዊው የመጣ ኢዲቲኤ ገብቷል።

ሐምራዊ ክዳን ባለው ቲዩብ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ የፖታሲየም ጨው ነው። ሥራው ካልሲየምን ይዞ ማስቀረት ነው፤ ደሙ ሳይረጋ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ደም ትንሽ ወደ ቀዩ ከተሻገረ ፖታሲየሙ ሽቅብ ይወጣል፣ ካልሲየሙ ቁልቁል ይወርዳል። ሴረሙ (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ጥርት ያለ ስለሚሆን በዓይን ምንም አይታይም። ማሽኑም የተሰጠውን በትክክል ነው የለካው። የእኚያን እናት የውጤት ወረቀት መልሰው ያውጡና አልካላይን ፎስፋቴዝ ተሠርቶ ከሆነ ይመልከቱ። ይህ ኢንዛይም ለመሥራት ዚንክና ማግኒዚየም ይፈልጋል። ኢዲቲኤ እነሱንም ስለሚይዝበት ውጤቱ ባልተለመደ ሁኔታ ዝቅ ብሎ ያገኙታል ብዬ እጠብቃለሁ። ሦስቱ አብረው ከመጡ ብዙ መጠራጠር አያስፈልግም።

ሄሞላይዝ ቢሆን ኖሮ መልኩ ሌላ ነበር። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከውጭው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ሴሎቹ ሲፈነዱ ፖታሲየሙ ይፈስሳል፣ ሴል ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ኤልዲኤችና ኤኤስቲም አብረው ይጨምራሉ፣ ሴረሙ ሮዝ ወይም ቀይ ይሆናል። ካልሲየሙ ግን እንዲህ አይወድቅም። ላብራቶሪው «ሄሞላይዝ አላደረገም» ያለው ልክ ነው፤ ግን ምርመራው እዚያ ላይ መቆም አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ፖታሲየም ከእንዲህ ያለ ካልሲየም ጋር ሲመጣ ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት «ናሙናው እንዴት ተወሰደ?» ተብሎ ወደ እናንተ መደወል ነበረበት።

ኢዲቲኤው እንዴት ተሻገረ? ብዙ ጊዜ ከሦስት መንገድ አንዱ ነው። አንደኛው ማፍሰስ ነው። ጠዋት ሰው ተሰልፏል፣ ደም ሥሩ አስቸጋሪ ነው፣ ቀዩ ሳይሞላ ደሙ ቆመ። ሐምራዊው ደግሞ ተርፎታል። እኚህን እናት ሁለተኛ ከምወጋቸው ተብሎ ከሐምራዊው ትንሽ ወደ ቀዩ ይጨመራል። የሚደረገው በርኅራኄ ነው። ለዚህ ነው በቁጣ የማይቆመው። ሁለተኛው የክዳን መለዋወጥ ነው፤ ሁለት ክዳን አንድ ላይ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይምታታል። ሦስተኛው ሐምራዊውን ቀድሞ ሞልቶ በዚያው መርፌ ወይም በዚያው የሲሪንጅ ጫፍ ወደ ቀዩ መሄድ ነው። ፖታሲየምን 7.9 የሚያደርሰው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው። ባልደረባዎን ሲጠይቁ «ማነው ያፈሰሰው?» ብለው አይጀምሩ። «ቀዩ ሲያንስብን ምን እናደርጋለን?» ብለው ይጀምሩ። እውነተኛ መልስ የሚመጣው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልናገር። ዶክተራችሁ ያደረገው ትክክል ነው። 7.9 እውነት ቢሆን ልብን ሊያቆም የሚችል ቁጥር ነው። የናሙና ስህተት መሆኑን መጠርጠር ታማሚውን ቤት ለመስደድ ምክንያት አይሆንም፤ በተለይ የኩላሊት ሕመም ላለበት ወይም ፖታሲየም የሚጨምር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው። ኢሲጂ ወዲያው፣ አዲስ ናሙና ወዲያው።

ወደ መከላከሉ ልምጣ። ጣልያን አገር ፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ፕሌባኒና ካራሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት የድንገተኛ ላብራቶሪው ስህተቶች በየደረጃቸው ተቆጥረው ነበር። 68.2 በመቶው ከምርመራው በፊት የተፈጠረ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያው ሲደገም 61.9 በመቶ ሆነ። ጥሩ ማሽን ባለበት፣ ጥሩ ሥርዓት ባለበት ቦታ እንኳ ችግሩ ያለው ክንድና ላብራቶሪ መካከል ነው። እኛ ግን አዲስ ማሽን ለመግዛት እንጂ የደም መቅጃ ክፍሏን ለማስተካከል ገንዘብም ሐሳብም አናወጣም። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል ከቻላችሁ የስም ጉዳይ ይሁን። የረጋ ናሙና ይታያል፣ ይመለሳል። የሌላ ሰው ደም ግን ጥርት ብሎ ያልፋል፤ ማንም አይመልሰውም። ብዙ ክሊኒክ የማየው ልማድ አለ። ጠዋት ካርድ ክፍሉ የላከውን ዝርዝር ይዞ ቲዩቦቹ ላይ ስም አስቀድሞ መጻፍና መደርደሪያው ላይ በተራ ማቆም። ጊዜ ይቆጥባል፣ እውነት ነው። ከዚያ አንዷ ሽንት ልታመጣ ትነሳለች፣ ቀጣዩ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እጅ የሚያነሳው በተራ የቆመውን ቲዩብ ነው። ስሙ የሚጻፈው ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ ታማሚው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ እሱ እያየ መሆን አለበት። ለቀጣዩ ሰው ቦታ መልቀቅ ከዚያ በኋላ ነው።

አጠያየቁም ለውጥ ይፈልጋል። «እማማ፣ አልማዝ ተስፋዬ ነዎት?» ብለን ስንጠይቅ ጆሮአቸው የከበደ እናት «አዎ ልጄ» ይላሉ። ያላልነውንም ቢሆን «አዎ» ይላሉ፤ ተራው እንዳያልፋቸው ይፈራሉ። «እማማ፣ ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ ይንገሩኝ» ይበሉ። እሳቸው ይናገሩ፣ እርስዎ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። የኛ ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለው ስምና የአባት ስም የሚጋሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት ቢገጥሟችሁ አይገርምም። ትክክለኛ የልደት ቀን የማያውቁ ታማሚዎችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሁለተኛው መለያ የካርድ ቁጥሩ ይሁን፤ ቲዩቡም ላይ፣ መጠየቂያውም ላይ። ስሙ ወደ ኮምፒውተር በላቲን ፊደል ሲገባ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል፤ ቁጥሩ ግን አይለወጥም።

እግረ መንገዴን ዕድሜና ሰዓትን ላንሳ፤ እኛ አገር ያለ ወጥመድ ነውና። ታማሚው የተወለዱበትን ዓመት በኛ አቆጣጠር ይነግሩናል፣ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ይቀበላል። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይመጣል። የኩላሊት አቅም የሚሰላው ዕድሜን ይዞ ስለሆነ ስሌቱ አብሮ ይዛባል። የሰዓቱ ደግሞ 6 ሰዓት ነው። መጠየቂያው ላይ «3፡00» ተብሎ ተጽፎ ላብራቶሪው ከሰዓት በኋላ መስሎት ካነበበው፣ ስድስት ሰዓት የቆየ ናሙና አሁን እንደተወሰደ ተቆጥሮ ያልፋል። እንደ ኮርቲሶል ባሉ ከሰዓት ጋር በሚለዋወጡ ምርመራዎች ላይ ውጤቱ ትርጉም ያጣል። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና «በኢትዮጵያ» ወይም «በአውሮፓ» የሚል ቃል ቅጹ ላይ አሳትሙ። በእጅ መጻፍም ይበቃል።

አሁን ወደ ቲዩቦቹ ቅደም ተከተል። መጀመሪያ የደም ካልቸር ጠርሙስ፣ ቀጥሎ ውሃ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቀይ ወይም ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ግራጫ። ምክንያቱን ሲያውቁት አይረሳም፤ ቀድሞ የተሞላው ቲዩብ ውስጥ ያለው ኬሚካል ተከትሎ የሚመጣውን እንዳይበክል ነው። ግራጫው ውስጥም ብዙውን ጊዜ የፖታሲየም ጨው አለ፤ መጨረሻ የሆነውም በከንቱ አይደለም። በሲሪንጅ ቀድታችሁ ወደ ቲዩብ ስታስተላልፉም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

«አንሷል» ለሚለው ቅሬታ እናንተን ከመውቀሴ በፊት የከተማችንን ከፍታ ላንሳ። ቫኩም ቲዩብ ደም የሚስበው ውስጡ ባለው የአየር እጥረት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ቲዩብ እዚህ ሲመጣ የሚስበው ደም ከመስመሩ በታች ይቀራል። እጃችሁ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ለከፍተኛ ቦታ የተዘጋጁ ቲዩቦች አሉ፤ ግዢ ክፍላችሁ አቅራቢውን በስም ይጠይቅ። ማንም ካልጠየቀ አቅራቢው አያመጣም።

ይህ ለቀዩ ብዙም አይጎዳም። ለሰማያዊው ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ሰማያዊው ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ሲትሬት አለ፤ ልኩ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ነው። ደሙ ሲያንስ ሲትሬቱ ይበዛል፣ ደሙ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ በሐሰት ይረዝማል፣ የዚሁ መለኪያ የሆነው አይኤንአር ከፍ ይላል። የልብ ቫልቭ ተቀይሮለት ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ወጣት አስቡ። የሪኡማቲክ የልብ ሕመም በበዛበት አገራችን እንዲህ ያሉ ታማሚዎች በየቀኑ ይመጣሉ። ሐሰተኛ ከፍተኛ አይኤንአር አይቶ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀንሳል፤ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። መዘዙ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰማያዊው ከመስመሩ ቢያንስ 90 በመቶ ካልደረሰ አይላክ። በቢራቢሮ መርፌ ስትቀዱ ደግሞ ቱቦዋ ውስጥ ያለው አየር ቀድሞ ስለሚገባ በመጀመሪያ አንድ ማስወገጃ ቲዩብ አስቀድሙ። የከፍታ ቲዩብ እስኪመጣ በሲሪንጅ ቀድታችሁ እስከ መስመሩ መሙላት ይቻላል።

በሲሪንጅ ስትሠሩ ግን ተጠንቀቁ። ብዙው ሄሞላይዝ የሚፈጠረው እዚህ ነው። ፒስተኑን በኃይል መሳብ፣ ከዚያ በመርፌዋ ቀዳዳ አስጨንቆ መግፋት ሴሉን ይሰብረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የደም አቀዳድ መመሪያ የጎማ ክዳን ላለው ቲዩብ የሚመክረው ግልጽ ነው። ቲዩቡን መደርደሪያ ላይ ያቁሙት፣ በሌላ እጅ አይያዙት፣ በአንድ እጅ ብቻ ክዳኑን ይውጉና ቫኩሙ ራሱ ይሳበው፤ አይግፉ። ቲዩቡን በእጅ ይዞ መውጋት የራስን ጣት ለመውጋት መጋበዝ ነው። ክዳኑ ክፍት ከሆነ መርፌዋን ወደ ሴፍቲ ቦክስ አስወግደው ደሙን በቲዩቡ ግድግዳ ላይ በቀስታ ያውርዱት። ሰማያዊውን እስከ መስመሩ የምትሞሉትም በዚህ መንገድ ነው፤ ብቻ የአንዱ ክዳን ሳይዘጋ የሌላው አይከፈት። መርፌ ስትመርጡ ለአዋቂ አረንጓዴዋ፣ 21 ጌጅ፣ ጥሩ ናት። ሰማያዊዋ 23 ለቀጭን ደም ሥር ትሁን እንጂ ለሁሉም አትሁን። አልኮሉም ይድረቅ። እርጥብ አልኮል ሴል ይሰብራል፣ ታማሚውንም ያቃጥላል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ይበቃል።

«ረግቷል» የሚባለው በአብዛኛው ሐምራዊው ነው። ምክንያቱ ወይ ደሙ ሲሪንጅ ውስጥ ቆይቷል፣ ወይ ቲዩቡ አልተገለበጠም። ሐምራዊውን ከተሞላ በኋላ ወዲያውኑ ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ ሰማያዊውን 3 ወይም 4 ጊዜ በእርጋታ ገልብጡት። መናጥ አይደለም፤ ክዳኑን ወደ ታች፣ ወደ ላይ ማዞር ነው። ቀጣዩን ሰው ካስቀመጡ በኋላ መገልበጥ ዋጋ የለውም። የረጋ ናሙና የደም ሴል ቆጠራው (ሲቢሲ) ላይ ፕላትሌቱን ያሳንሰዋል፤ ታማሚው ሳያስፈልገው ወደ ስፔሻሊስት ይላካል።

ማሰሪያውን በተመለከተ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ከሚወጋው ቦታ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ። ሲቆይ ውሃው ከደም ሥር ወጥቶ ፕሮቲኑ፣ ካልሲየሙ፣ ኮሌስትሮሉ ይወፍራል። «ጨብጥ፣ ፍታ፣ ጨብጥ» የሚለውን ልማድ ደግሞ ብንተወው ደስ ይለኛል። ጡንቻው ሲሠራ ፖታሲየም ይለቃል። ማሰሪያ ታስሮ ደጋግሞ መጨበጥ ብቻውን ከ1 ሚሊሞል በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ሴረሙ ጥርት እንዳለ። አንዴ ቀስ ብሎ መጨበጥ ይበቃል። ግሉኮስ የተሰቀለበት ክንድ ከሆነ ሌላውን ክንድ ፈልጉ። ከግሉኮሱ መስመር በላይ የተቀዳ ደም ድሪፑን ነው የሚነግራችሁ።

ስለ ጾም ታማሚን ስትጠይቁ «ጾመዋል?» አትበሉ። በሁዳዴ ወቅት ሁሉም «አዎ» ይላል፤ ሽሮ በልቶ የመጣውም። «መጨረሻ አፍዎ የገባው ምን ነበር? ስንት ሰዓት ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለስኳር ቢያንስ 8 ሰዓት ያለ ምግብ ነው። ቡና፣ ያለ ስኳርም ቢሆን፣ አይፈቀድም። ውሃ ግን ይፈቀዳል፣ ይጠቅማልም፤ የደረቀ ሰው ደም ሥሩም ይደበቃል። በእምነታቸው እስከ 9 ሰዓት ውሃም የማይቀምሱ ታማሚዎች አሉ። እነሱን አትከራከሯቸው፤ ጠዋት በማለዳ ቅዷቸው። ሳይበሉ ከ14 ሰዓት በላይ ቆይቶ ከሰዓት የመጣ ሰው ለቅባት ምርመራ ሌላ ቀን ቢመጣ ይሻላል። የቸርችልን ዳገት በእግሩ ወጥቶ የመጣም ቢሆን ከተቻለ 15 ደቂቃ ይቀመጥ።

ናሙናውን ወደ ትልቅ ላብራቶሪ የምትልኩ ከሆነ የመንገዱ ነገር አለ። ሜክሲኮ ወይም ለገሃር ላይ መንገድ ሲዘጋጋ ሞተረኛውም ይቆማል። ሴሎቹ ቲዩቡ ውስጥም ስኳር መብላታቸውን አያቆሙም፤ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ጠዋት 132 የነበረ የጾም ስኳር ሦስት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ወደ 110 ገደማ ይወርዳል። የስኳር በሽታ መለያው 126 ነው። ሰውየው «የለብህም» ተብሎ ይሸኛል። ይህን የስኳር መቀነስ እንዲያስቆም የተሠራው ግራጫው ቲዩብም ቢሆን ሥራውን ሙሉ በሙሉ ለመጀመር አንድ ሁለት ሰዓት ይወስድበታል። መድኃኒቱ ሴረሙን በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሴሉ መለየት ነው። ቀዩን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አቁሙት፣ ይርጋ፣ ከዚያ ሴንትሪፉጅ። ሳይለዩ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ፖታሲየሙን ከፍ ያደርገዋል፤ ብርድ ሴሉ ፖታሲየም የሚይዝበትን ፓምፕ ያቆመዋል። ትንሽ ሴንትሪፉጅ ለክሊኒካችሁ እንዲገዛ ግፉበት። ከብዙ ነገር በላይ የምመክረው እሱን ነው።

ላብራቶሪያችሁንም አንድ ነገር ጠይቁ። አይኤስኦ 15189 የሚባለው የሕክምና ላብራቶሪ መመዘኛ ናሙና ለሚወስደው ሰው የአወሳሰድ መመሪያ መስጠትን የላብራቶሪው ግዴታ ያደርገዋል። በየቀኑ ናሙና እየመለሱ ምክንያቱን በቃል ብቻ መናገር አይበቃም። በጽሑፍ ይስጧችሁ፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። የሚመለሰውንም ደብተር ላይ ጻፉ፤ ምክንያቱን፣ ሰዓቱን፣ የቲዩቡን ቀለም። የቀጂውን ስም አትጻፉ። ስም ከተጻፈ ነገ የሚመለሰው ናሙና ይደበቃል። ሰዓቱ ግን ብዙ ይናገራል። አብዛኛው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ጠዋት ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ስልጠና ሳይሆን ሦስተኛ ሰው ነው፤ ደብተሩን ይዛችሁ ለባለቤቱ አሳዩት።

ቀዩ ሲያንስስ? አትጨምሩ። ያለውን ላኩና ከምርመራዎቹ የትኛው እንደሚቀድም ዶክተሩን ጠይቁ። ለዛሬዎቹ ማሽኖች ትንሽ ሴረም ብዙ ነገር ይሠራል። ካልበቃ እንደገና መውጋት ነው፤ «እማማ፣ ይቅርታ፣ ደሙ አልበቃንም» ብሎ።

ሕፃናት የሚመጡባችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ከጣት ወይም ከተረከዝ ሲወሰድ የመጀመሪያዋ ጠብታ በጎዝ ትጠረግ፣ ጣቱ አይጨመቅ። ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል፤ ሐምራዊው ቀይን ይቀድማል። ከጣት የሚወጣ ደም ቶሎ ስለሚረጋ ሲቢሲውን ማዳን የሚቻለው ቀድሞ ከተወሰደ ብቻ ነው። እንደ ፖታሲየም ያለ ኤሌክትሮላይት ከተፈለገ ግን ከደም ሥር ይቀዳ።